ከእማዬ የቀረው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሚስትህና ድንቡሼ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከእንቅልፍ በስተቀር የጎደለብኝ የለም። በስልክ ልነግርህ ብዬ ሦስቴ አፌ ተያዘ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ ከዕጢዋ የተወሰደው ቁራጭ ለምርምር እንዲውል ፈርማ እንደነበር ታውቃለህ። የደበቅኩህ፣ ቁራጩ እኔ ወደምሠራበት ላብራቶሪ መምጣቱን ነው። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ፤ የካንሰር ሴሎቿ ግን ብልቃጥ ውስጥ ዛሬም ይራባሉ። በየሁለት ቀኑ የምመግባቸው እኔ ነኝ። ክዳኑን ስከፍት "እንዴት አደርሽ" እላለሁ፤ አበደች በለኝ።

ሥራችን የሴሉን ጂኖች እየቆረጡ ማየት ነው። አንዱ ጂን ብቻውን ቢቆረጥ ሴሉ ይኖራል፤ ሌላውም ብቻውን ቢቆረጥ ይኖራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆረጡ ከሞተ ግን ለመድኃኒት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ባለፈው ወር ተራው የእማዬ ሴሎች ሆነና እጄ እምቢ አለኝ። ጂን የሚቆርጠውን ትቼ ባዶውን ፈሳሽ ጨመርኩባቸው። አልሞቱማ! ቶሎቶሎ የምንላት አለቃችን ውጤቱን አይታ "ይሄ ጥንድ አይረባም፣ ሰርዢው" አለችኝ። ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሥራ ስገባ የማልፈው ታማሚዎች ተራ በሚጠብቁበት ኮሪደር ነው። ትናንት አንዲት ሴትዮ እጄን ይዘው "ልጄ፣ እናንተ ጋ አዲስ ነገር የለም እንዴ?" አሉኝ። የእማዬ እጅ መሰለኝ። "የለም እማማ" አልኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ!

ዛሬ ለቶሎቶሎ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጮኸችብኝ፤ ቆይታ ደግሞ ሌላ ሰው ይሥራው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔው እሠራዋለሁ አልኳት። ደብዳቤው እስኪደርስህ ብዬ የወሩን የመጨረሻ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓትን አስቆርጫለሁ። የእማዬ ሴሎች እንዲሞቱ መመኘት አለብኝ። እሷ ስትሞት አልደረስክም፤ መንገድ ተዘግቶብህ ነውና አልወቅስህም። አሁን ግን ብቻዬን አትተወኝ። በዚያ ሰዓት ደውልልኝ። ምንም አትበል፣ ትንፋሽህን ብቻ ልስማ።

ለሚስትህ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳት። ድንቡሼን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአማትህም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። በዚህም ያለን የቤት ሰዎች ሰላም ብለንሃል ልልህ ነበር፤ የቀረነው ግን እኔና እማዬ ነን።

ታናሽ እህትህ
ከላብራቶሪው፣ የመስኮቱ ጠረጴዛ
ጥቅምት ፬ ቀን