የጉዞ ቤታችን ማንዌላ

ልጄ ማረን፣ ቺሊ ውስጥ በደረስሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፤ ስትጽፊልኝ ከትምህርትሽ በፊት ጤንነትሽን አስቀድሚ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሚዙላ በረዶ ሊጥል ነው፤ ድመትሽ አልጋሽን ወርሶታል።

አባትሽ ፒክአፑንና ከጀርባው የተጫነውን የጉዞ ቤታችንን ሽጪ ብሎኝ ነበር፤ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር ተማክሮ። እኔም የእሱ የሆነ ነገር ግቢዬ ውስጥ እንዳይቀር ብዬ እሺ አልኩ። ቅዳሜ ሚስተር ሎውሪ የሚባል ገዢ መጣ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ "ባለቤትሽ የለም? መኪና የሚያውቅ ሰው ባነጋግር ይሻለኛል" አለኝ።

"ባለቤቴ ሌላ ሴት ቤት ነው። ዘይቱን ስቀይር የኖርኩት ግን እኔ ነኝ" አልኩት።

ሳቀና "እሺ እመቤቴ፣ ጣሪያውን አንሺልኝ" አለ። ጣሪያው ወደ ላይ ተነስቶ የሸራ ግድግዳው ሲዘረጋ ሳያይ የሚገዛ የለም። ጣሪያው እየተዞረ የሚነሳበት እጀታ፣ ማንዌላው፣ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። መሳቢያዎቹን ሁሉ በረበርኩ። በሄድሽበት ጠዋት ብቻሽን እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አልተቆጣሁም። ሰውየውን "አይሸጥም" ብዬ ሸኘሁት፤ ለአባትሽም ይህንኑ ጻፍኩለት። መኪናውም የጉዞ ቤቱም በስሜ ነው፤ ከፈለገ ይክሰሰኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ባለፈው አብረን ከሄድንበት ሐይቅ ስንመለስ በዝናብ ስለዘጋነው ሸራው እርጥብ ነው፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል። ማንዌላውን የት እንደደበቅሽው ንገሪኝ። እስክትመጪ እንዲቆይሽ ላደርቀው ነው። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።

እናትሽ ዴላ