ከኮሌታ ወደ እጅጌ የምታልፈው እንግዳ

ለማልጠግብሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ፣ ጉልበትሽስ፣ የጠመኔ ብናኝ የሚከረክመው ጉሮሮሽስ? ባለቤትሽ፣ አማትሽ፣ መንትዮቹና ትንሿ ልጅሽ ሁሉም ደህና ናቸው? ካለሽበት ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ናፍቆቴን ልላክልሽ ብል ፖስታው አይችለውም ብዬ ትቼዋለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ከጡረታው ወዲህ ሥራ ፈትቶ ሆዱን እያሳደገ ነው። ልጄ ቁመቷ ከእኔ አልፏል፣ ምላሷም እንደዚያው።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። «በድንገት የሚያነደኝ ነገር መጣብኝ፤ ማረጥ የሚሉት ይኸው ነው? አንቺስ እንዲህ ሆነሽ ነበር? መድኃኒት አለው ይላሉ፣ ልውሰደው ወይስ እንደ እናታችን ችዬ ልለፈው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ። ግን በመሥሪያ ቤታችን የሆነውን አስቀድሜ ካልነገርኩሽ መልሴ አይገባሽም። መጀመሪያ ላይ ትስቂ ይሆናል፤ እኔም ስቄ ነበር።

የሸሚዝ ፋብሪካችንን ታውቂዋለሽ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ረድፍ የምንሠራው ሴቶች ዕድሜያችን አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ አለቃችን «የአሮጌ ብረት ረድፍ» ይለናል፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብሎ። እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የባለቤቴ እህት እጅጌ ትገጥማለች፣ ከእሷ ቀጥላ ቁልፍ የምትተክለው አለች፣ መጨረሻ ላይ ካውያ የምትተኩሰው። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያልፈው፣ የአንዷ ጥፋትም በተከታይዋ ላይ ይወድቃል። እኔ ኮሌታ ካጣመምኩ እጅጌ ገጣሚዋ ትበሳጫለች፣ እሷ ከዘገየች ቁልፍ ተካይዋ ከአለቃ ስድብ ትቀበላለች። ስንት ዓመት እንዲህ ኖረን ሌላ ዓይነት ማሰብም አንችልም።

ሙቀቱ የጀመረን ሰሞን እሱም እንደ ሸሚዙ ሲያልፍ አየነው። እኔ በላብ ተጠምቄ ሲበርድልኝ የባለቤቴ እህት መሐረቧን ታወጣለች። ለእሷ ሲበርድላት ቁልፍ ተካይዋ የአንገቷን ቁልፍ ትፈታለች፣ ከዚያ ካውያ ተኳሿ። «እንግዳዋ» አልናት። «መጥታብኛለች»፣ «በይ ተረከቢኝ» እየተባባልን እንሳሳቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው።

አመጣጧን ልንገርሽ። በቅድሚያ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ይርቃል፤ ያን ሁሉ ጩኸት ከግድግዳ ማዶ ያለ ያህል እሰማዋለሁ። ቀጥሎ በነጩ ኮሌታ ላይ ጥላ ይወድቃል። አለቃችን ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞር ስል ማንም የለም። ከዚያ ቀዝቃዛ እጅ ማጅራቴን ይይዘኛል፣ ሳይቸኩል፣ እንደሚያውቀኝ ሰው። ሙቀቱ የሚነሳው እጁ ከለቀቀኝ በኋላ ነው። ስለ እጁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቁልፍ ተካይዋ ስለ ጥላው፣ ስለ እጁ ራሷ አንስታ ስታወራ ሁላችንም ማኘክ አቆምን።

ከካውያ ተኳሿ ወዲያ አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ ክር ትቆርጥ የነበረችው ጡረታ ከወጣች ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት። በዚያው ሰሞን ሙቀቱ ረድፉን ጨርሶ ካውያ ተኳሿ «ሄደችልኝ» ብላ ፊቷን ስትጠርግ፣ ቁልፍ ተካይዋ ምን እንዳሰበች እንጃ ተነሥታ ሄዳ መቀመጫውን ዳሰሰች። እጇን ቶሎ ሰበሰበች። እኛም እየሄድን ዳሰስነው። ሰው አሁን ተነሥቶ የሄደበት ወንበር እንደሚሞቅ ሞቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ መሳሳቁ ቀረ።

ቁልፍ ተካይዋ ለማንም ሳትናገር ሐኪም ቤት ሄደች። እኛ ያየነው መሐረቧ ደረቅ መሆኑን ብቻ ነው። ሙቀቱ ከእጅጌ ገጣሚዋ ተነሥቶ እሷን ዘሎ በቀጥታ ካውያ ተኳሿ ላይ ይወርድ ጀመር። ያቺ ምስኪን የራሷንም የጎረቤቷንም ተሸክማ አንድ ቀን ቆማ ስትተኩስ ተንገዳገደችና ካውያው ክንዷን ላጣት። ያኔ ቁልፍ ተካይዋ እያለቀሰች ሆርሞን እንደምትወስድ ተናገረች። ካውያ ተኳሿ ክንዷን እንደታቀፈች «አንቺ በርሽን ስትዘጊ እኔ ደጃፍ ላይ ነው የምታድረው» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ከእሷ ጋር ምሳ አልቆረሰም። ድርሻዋን በሰው ላይ የጣለች ተብላ ቀረች።

ሞኝነት መሆኑን አፌ ይናገራል፣ ሆዴ ግን አላመነም። የረድፉ መጀመሪያ እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን ብወስድ የእኔ ድርሻ በባለቤቴ እህት ላይ ሊወድቅ ነው። እሷ ደግሞ ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ ሴት ናት። ስለዚህ ቻልኩት። እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ፣ ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቼ አንድ ሙሉ እስር ሸሚዝ አበላሸሁ፣ ባለቤቴን ሻይ ሲጠጣ ድምፅ አሰማህ ብዬ ተጣላሁት።

ይህም ሁሉ ይቻል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ከፈትኩላትና ቆሜ ቀረሁ። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፣ ፊቷ ግን ምንም አላለኝም። የጎረቤት ልጅ ዕቃ ልትዋስ የመጣች ያህል ነበር። «እማዬ፣ ምነው እንደማታውቂኝ ታዪኛለሽ?» አለችና ሳትገባ ደጅ ላይ ቆመች። እህት ዓለም፣ ይህን አስተያየት እኔና አንቺ እናውቀዋለን። እናታችን ባረጠችበት በዚያ ዓመት ከጓሮ ጀርባዋን ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አጣብቃ ስትውል፣ እኛን እንዲህ አይደል ያየችን? በፊቷ ላለማለፍ ብለን በጎረቤት በር እንገባ አልነበር? በኋላ እሷ ወደ ራሷ ተመልሳ ነበር። እኛ ግን ጭኗ ላይ ዳግመኛ አልተቀመጥንም። ልጄ ደጅ ቆማ ሳያት ይህ ሁሉ መጣብኝና በነጋታው ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ሳልሄድ በፊት ምክር አላነሰኝም። ባለቤቴ «ጡት ላይ በሽታ ያመጣል» አለ። ማን ነገረህ ብለው «ፀጉር ቆራጩ» አለኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አልኩት። ግን ፈርቶልኝ መሆኑን አይቻለሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። የባለቤቴ እህት «ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ፤ የመጣውን እቀበላለሁ» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ይበልጥ ጨነቀኝ።

ሐኪሟ በእኛ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በዘራችን የጡት ካንሰር አለ ወይ፣ ደምሽ ረግቶ ያውቃል ወይ፣ ጉበትሽስ እያለች ጠየቀችኝ፣ ግፊቴን ለካች፣ ጡቴን አስመረመረችኝ። «ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ላንቺ ግን ጥቅሙ ከስጋቱ ያመዝናል። በየጊዜው እየመጣሽ እናየዋለን። አልፈልግም ብትዪም መብትሽ ነው» አለች። እንደ ቁስል ፕላስተር ያለ ከእምብርቴ በታች የምለጥፈው ስስ ነገርና ለማሕፀኔ የሚሆን እንክብል አዘዘችልኝ። እያፈርኩ ስለ ድርሻው ጠየቅኋት። አልሳቀችብኝም። «ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ነገር ይኖራል፤ በረድፍ ግን አይተላለፍም» አለችኝ። ይህን ስትል የራሷን ማጅራት በመዳፏ ይዛ ነበር።

ለረድፉ በግልጽ ተናገርኩ። የባለቤቴ እህት ፎጣ አርጥባ አንገቷ ላይ ጣለችና ተዘጋጅታ ጠበቀች። እኔ እየዳንኩ መጣሁ፤ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ኮሌታዬ ቀና፣ ልጄም እየፈራች፣ እያየችኝ፣ ቀስ በቀስ አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። ባለቤቴ እንኳ ሻዩን እንደልቡ ፉት ይላል። የእኔን ድርሻ ግን ማንም አልወሰደም። እጅጌ ገጣሚዋ ላይ የራሷ ብቻ ነው የሚመጣባት። ሴቶቹ ይህን አይተው ከቁልፍ ተካይዋ ጋር ታረቁ፣ ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። ካውያ ተኳሿ ብቻ «ዕድሜዬን በራሴ እግር ነው የምሻገረው» ብላ መድኃኒቱን አልፈለገችም፣ እኛም አልነዘነዝናትም። የባለቤቴ እህት ግን ፎጣውን ሳታወርድ «ሸሚዝ እንኳ ከረድፍ ሲጠፋ አንድ ቦታ ይገኛል። ያንቺ ወዴት ሄደ?» ትለኛለች።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፊ የልጆቹ ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ያለ ያህል እንደራቀብሽ፣ በሰሌዳው ላይ ጥላ እንደወደቀ፣ ቀዝቃዛ እጅ ማጅራትሽን «እንደሚያውቀኝ ሰው» እንደያዘሽ ጽፈሻል። እህቴ፣ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ጽፌልሽ አላውቅም። የጀመረሽ እኔ መድኃኒቱን በጀመርኩበት ሳምንት ነው። ደብዳቤሽን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሌላው እጄ ሳላዘው ወደ ሆዴ ሄዶ የልጣፉን ጫፍ አንሥቶ ነበር። ልመልሳት፣ ከአንቺ ላይ ልውሰዳት ብዬ።

እንደዚያ በጥፍሬ ጫፉን ይዤ ወደ አክስታችን ቤት ሄድኩ። ዓይኗ ፈዟል፣ ጭንቅላቷ ግን ደህና ነው። ስለዚያ ዓመት ጠየቅኋት። እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ ነርሷ ለእናታችን ክኒን ልስጥሽ ብላት ነበር። እናታችን እምቢ አለች። «ከኋላዬ የምትቆም ሴት አለች፤ እኔ ካባረርኳት የት ትሄዳለች? ከእኔ የሚቀጥሉት ልጆቼ ናቸው» አለች። ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ የምትውለው ያቺን ሴት እንዳታመልጥ በጀርባዋ አጥብቃ ለመያዝ ነበር።

ሰማሽ? ጠልታን አልነበረም። ዘብ ቆማልን ነበር። እዚያው አክስታችን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቅሶዬ ሲያልቅ ደግሞ ተናደድኩ። እንግዳዋ ብትመጣብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የምፈልገው እናቴን ነበር። የልጣፉን ጫፍ በአውራ ጣቴ ተጭኜ መልሼ አጣበቅሁት።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። የእኔ ድርሻ መጥቶብሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ፤ ካልሆነም በሰላም ሳቂብኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ። ስለ ጡት፣ ስለ ደም፣ ስለ ግፊት የሚጠይቁሽን ሁሉ ሳትደብቂ ተናገሪ። ይሆንሻል ካሉሽና አንቺም ከፈቀድሽ ውሰጂው፤ አይሆንሽም ካሉሽ ሌላ መንገድ አለ ብላኛለች ሐኪሟ፣ ጠይቂያቸው። ከአንቺ ቀጥሎ ማን አለ ብለሽ ግን ችለሽ አትለፊው። ለልጄ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ጥፍሯን እየቀባች ሰምታኝ «ትምጣ፤ ሐኪም ቤቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ» አለችኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስትነድጂ መስኮት ከፈትሽ ብሎ እንዳይነዛነዝ ንገሪልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መንትዮቹ ትምህርታቸውን እንዲያጠኑ፣ ጫማቸውንም እንዲያጥቡ። ትንሿን ልጅሽን ዓይን ዓይኗን እያየሽ ሳሚልኝ፣ በተለይ በሚያነድሽ ሰዓት። ባለቤቴ፣ ልጄ፣ የባለቤቴ እህትና አክስታችን ሁሉም ሰላም ይሉሻል።

እንግዳዋም አሁን ከኋላሽ ቆማ ይህን አብራሽ የምታነብ ከሆነ፣ ሰላም በያት። በዚያ ዓመት እናታችን ያስጠጋችው ሰው እሷ ብቻ ናት።

የማትረሳሽ ታላቅ እህትሽ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ባባራበት ወር