ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ስለቆሙት አባታችን

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሎዌል፤

ከእኛ ሜዳ እስከ ሰሜን እስከ እናንተ ወንዝ ያለውን አገር ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ባለፈው ክረምት አስቸግሮኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ እያነከስክ ነው? ሚስትህ ኔና ደህና ናት? እናቷስ? ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? የወንዙ በረዶ ተሰብሮ ጀልባህን አወረድክ ወይ? የፖስታ አውሮፕላኑ በአየሩ ምክንያት ሳምንት እየዘለለ ነው ስላልከኝ ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። ብቻ ሲደርስህ በጤና ያግኝህ። እኔ፣ ባለቤቴ ድዌንና ልጃችን ጆዲ በአካል ደህና ነን። በልብም ደህና ነን ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ነገሩን እየፈለግህ እንዳትጨነቅ አስቀድሜ ልንገርህ። አባባ ሆስፒታል ናቸው። በሕይወት አሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሐኪሞቹ በብረት ገጥመውላቸዋል። «ለሎዌል እንዳትጽፊለት፤ እሱ የራሱ ጦርነት ይበቃዋል» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም። አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ልጄ ትራቪስ ለኮሌጅ ክፍያ ብሎ ተጠባባቂ ጦር ውስጥ መፈረሙን ታውቃለህ። ከሜርል ሆስኪንስ ልጅ ከኮዲ ጋር አብረው ነው የፈረሙት። በጥር ወር ጠሯቸውና ሁለቱንም ኩዌት ወሰዷቸው። ትራቪስ የስንቅ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ድዌን «ስንቅ ነው እኮ፣ ከኋላ ነው የሚሄዱት» እያለ ሲያጽናናኝ ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ግን የስንቅ መኪኖች መንገድ ስተው ጠላት ከተማ ውስጥ ገቡ፣ ተማርከውም ሞተውም ያሉ አሉ ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። የእኛ ልጅ ከእነሱ ውስጥ አለመኖሩን እስክናውቅ ድረስ ድዌን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሳህን ሲያጥብ ዋለ። ያጠበውን ደግሞ ያጥባል። ከዚያ ወዲህ ከልጁ ድምፅም ቃልም የለም።

ቴሌቪዥኑን ብታየው ታፍራለህ። ጡረታ የወጡ ጄኔራሎች በካርታ ላይ ዘንግ ይዘው ቆመው እንደ እግር ኳስ አስተያየት ሰጪ «በዚህ በኩል ይገባሉ፣ በዚያ በኩል ይዞራሉ» ይላሉ። ዘንጉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ልጄ መሪ ይዞ ተቀምጧል። በየመካከሉ የመኪናና የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ይገባል። እኔ የዚያን አገር ገዢ ደግ ሰው ነው አልልም፤ ክፉ ነው ሲሉኝ አምናለሁ። ግን ተደብቋል የሚሉት መሣሪያ የት እንዳለ በእርግጥ የሚያውቁ ከሆነ ለምን ሄደው አያሳዩንም? የማያውቁ ከሆነስ በምን አንጀታቸው ነው የሰው ልጅ የሚልኩት? ዋሽንግተን ተቀምጠው እጃቸውን አውጥተው ጦርነቱን ካጸደቁት ውስጥ የስንቶቹ ልጅ ነው ከትራቪስ ጎን መሪ የያዘው? የሚያዝዘው ሌላ፣ የሚቀብረው ሌላ። ይህን ለድዌን ብነግረው «ልጃችን እዚያ እያለ መንግሥትን መንቀፍ ልጁን ከጀርባው መውጋት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ጨው አቀብይኝ፣ በሩን ዝጋው ከማለት ሌላ ወሬ ጠፋ።

ፍርሃቱ እዚህ ድረስ መጥቷል። በየካቲት ወር መንግሥት «ጠላት መርዝ ሊረጭባችሁ ስለሚችል ላስቲክና ማጣበቂያ ፕላስተር ግዙ» አለ። ድዌን የመኝታ ቤታችንን መስኮት በላስቲክ ለበጠው። በከተማችን በኬልሶ ክሪክ በቆሎና በሁለት መቶ ላሞች ላይ ማን ምን ፈልጎ መርዝ ይረጫል ብዬ ልስቅ ነበር፤ ግን ፕላስተሩን ያቀበልኩት እኔው ነኝ። እስከ ትናንት ድረስ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ላስቲኩ ይነፋና ይሟሽሽ ነበር፤ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

ወደ አባባ ልመለስ። እንደምታውቀው ጠዋት ጠዋት ዶሊ ቁርስ ቤት ይሄዳሉ። ፈረንሳዮች ጦርነቱን አንደግፍም በማለታቸው ዶሊ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ «የፈረንሳይ ድንች ጥብስ» የሚለውን ሰርዛ «የነጻነት ድንች ጥብስ» ብላ ጽፋበታለች። ድንቹ ያው ድንች ነው፤ ዘይቱም ያው የከረመ ዘይት። እዚያ ነው ነገሩ የተጀመረው። የሆነውን ዶሊ ራሷ ነገረችኝ።

ሜርል እንቁላሉን እየበላ «ሦስት ቀን ነው የሚፈጀው። ደብድበን፣ ጠፍጥፈን እንመለሳለን» ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ሜርል፣ ከተማ ሲቃጠል ሸትቶህ ያውቃል?» አሉት።

«ጋሽ ኦርቪል፣ እርስዎ ደግሞ የጥንቱን ነገር ያመጡብናል።»

«የጥንት አይደለም። ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ኮሪያም ስንሄድ ለገና ቤታችሁ ትገባላችሁ ብለውን ነበር። የየትኛው ዓመት ገና እንደሆነ አልነገሩንም።»

አባባ ስለ ኮሪያ ሲያወሩ አንተም እኔም ሰምተን አናውቅም። እማማ እንኳ ሳትሰማ ነው የሞተችው። ዶሊ እንዳለችኝ አንዱ ከኋላ «ሽማግሌው ፈርተዋል» አለ። አባባ ዞር ብለው «አዎ፣ ፈርቻለሁ። እናንተ አለመፍራታችሁ ነው የሚያስፈራኝ» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ካርቶን ይዘው ቆሙ። ካርቶኑ ላይ በወፍራም ቀለም «የልጅ ልጄን መልሱልኝ። የእነሱንም ልጆች አትግደሉ» ይላል። ብቻቸውን በዚያ ብርድ፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልቀረባቸውም።

ከተማው እንዴት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ወታደሮቹ በሰላም እንዲመለሱ ተብሎ በየዛፉና በየምሰሶው ቢጫ ሪባን ታስሯል፤ እኔም በራችን ላይ አስሬያለሁ፤ ለልጄ ነው ያሰርኩት። ነገር ግን ሪባኑን ያሰረ ሰው ሁሉ አባባን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ቁርስ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ይለቀቅላቸዋል፤ አብሯቸው የሚቀመጥ ግን የለም። እኔ በምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ስትወርድ ቆም ብላ «አባዬ የአንቺ አባት ከሃዲ ናቸው ይላል። ከሃዲ ምንድን ነው?» አለችኝ። በሩን እንደያዝኩ «አባትሽን ጠይቂው የኔ ቆንጆ» አልኳት። አባባን ለመንኳቸው። «ለእርስዎ ብለው ባይሆን ለእኔ ሲሉ ይተዉት» አልኳቸው። «ቨርና፣ ልጅሽ ሲመለስ አያቴ ምን አደረገ ብሎ ቢጠይቅሽ ቁርስ ቤት ተቀምጦ እንቁላል በላ ልትይው ነው?» አሉኝ።

አደጋው የደረሰው ባግዳድ መደብደብ በጀመረች በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እኔ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ወተት ገዝቼ ስወጣ አረንጓዴ ፒክአፕ ከመንገዱ ወጥቶ የእግረኛው መንገድ ላይ ሲወጣ አየሁ። አባባ ወደ ኋላ ሊሉ ሞከሩ፤ መኪናው በጎኑ ገፋቸውና ደረጃው ላይ ወደቁ። መኪናው አልቆመም። ወተቱን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ስደርስ አባባ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ «እግሬን አትንኪው» አሉኝ። ፊታቸው እንደ አመድ ሆኖ ነበር። በዚያች ሰዓት የፈራሁትን ፍርሃት እንዳንተ ጦርነት ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

መኪናውን አውቀዋለሁ። የሜርል ነው። ሸሪፉ ሆስፒታል መጥቶ ሲጠይቃቸው አባባ «አላየሁም፤ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች» አሉት። ሰማዩ ዳምኖ ነው የዋለው። ሸሪፉ ወደ እኔ ሲዞር አባባ እጄን ጨበጡኝ፤ እንዴት እንደጨበጡኝ ብታይ፣ የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ እጅ አይመስልም። ዝም አልኩ። ሸሪፉ ከወጣ በኋላ ግን ተቆጣሁ። «ሊገድልዎት ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ሜርል ልጁን እየጠበቀ ነው። እስር ቤት ሆኖ ይጠብቅ?» አሉኝ።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልተኛም አልኩ። በነጋታው ሜርል በረት ሄድኩ። ጥጆቹን ከባልዲ ወተት እያጠጣ ነበር። ስገባ ባልዲውን አላስቀመጠም፤ ቀና ብሎም አላየኝም። «በሕይወት አሉ» አልኩት። ያን ጊዜ ባልዲው ከእጁ ወደቀ። ጥጃው የፈሰሰውን ወተት ከጭድ ላይ ሲልስ ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«ላስፈራራቸው ነበር» አለኝ። «ቨርና፣ ልገጫቸው አልፈለግሁም። ፍሬን ይዤ ነበር። ይዤ ነበር መሰለኝ።»

«ምን አደረጉህ?»

«ያ ካርቶን ኮዲ በከንቱ ሄደ ይላል። ሲፈርም አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አሁን ሰው ሆንክ ያልኩት እኔ ነኝ። በከንቱ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ?» አለና የሥራ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ልሰድበው ነበር የሄድኩት ሎዌል። አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር። ይህን ትልቅ ሰውዬ ጥጃ መካከል ቆሞ ሲያለቅስ ሳየው ስድቡ ጠፋብኝ። ይቅር አላልኩትም፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። ፍርሃቱን ግን አወቅሁት፤ የእኔው ፍርሃት ነው። ልዩነታችን እሱ መኪና ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እነዚያ ዘንግ የያዙት ሰዎች ባግዳድ ብቻ አይደለም የሚያፈርሱት።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ምንም አልጠየቁኝም፤ ጠይቀውኝ ቢሆን እምቢ ባልኩ ነበር። ካርቶኑ ያን ዕለት ደረጃው ላይ ሲወድቅ ጥጉ ተረግጧል። እኔው ይዤው ሄጄ በእሳቸው ቦታ ቆምኩ። መኪና ከርቀት በመጣ ቁጥር ትንፋሼ ይቆማል። አንዷ ጎረቤቴ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ «አንቺ እንኳ?» ብላኝ አለፈች። ሌላው ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ለድጋፍ ይሁን ለስድብ አላወቅሁም። ያን ጊዜ የድዌን ፒክአፕ መንገዱን ይዞ መጣ። ሊወስደኝ መጣ፣ አሁን በሰው ፊት ይጮህብኛል ብዬ ካርቶኑን ጠበቅ አደረግሁ። እሱ ግን መኪናውን በእኔና በመንገዱ መካከል፣ ጠርዙን አስጠግቶ አቆመው። ሞተሩን አላጠፋም። ወደ እኔም አልዞረም፤ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ እኩለ ቀን እስኪሆን እዚያው ተቀመጠ። ሲወርድ በቴርሞስ ሾርባ ይዞ ነው። «በካርቶንሽ አላምንም። ጠጪው፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል» አለኝ።

ቤት ስንገባ የመኝታ ቤቱን ላስቲክ ቀደደው። እኔም መስኮቱን ከፈትኩት።

ይህን ሁሉ ስነግርህ የተሻለኝ እንዳይመስልህ። ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ እስከ ዛሬ ልቤ ይወርዳል። መርዶ የሚያመጡት ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች በራችን ላይ ሲቆሙ ቆሜም ተቀምጬም አያቸዋለሁ። ጆዲን መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ እንድታቆም ለምኛታለሁ፤ የጎማ ድምፅ ጠጠሩ ላይ መስማት አልቻልኩም። የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ መመለሱም ያስፈራኛል። አንተ ከቬትናም ስትመለስ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማማ አንተ የምትወደውን የቼሪ ኬክ ጋገረች፤ ሁላችንም ስለ መከሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። አንተ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ ቆመህ ነበር። ማንም አንድ ነገር አልጠየቀህም፤ የጠየቅንህ ኬክ ትጨምራለህ ወይ ብለን ብቻ ነው። በበልጉ ሄድክ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

ለመውቀስ አይደለም ወንድሜ። ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ትራቪስ በዚያ በር ሲገባ፣ ይገባል እላለሁ፣ ምን ልበለው? ምን ብንልህ ኖሮ ትቀመጥ ነበር? ይህን ጻፍልኝ። አጭርም ቢሆን፣ ቃሉ ባይሳካልህም ጻፍልኝ። ለአባባም ደውልላቸው፤ እኔ ነገርኩህ ብለው ቢቆጡ ይቆጡኝ፤ ድምፅህን ሲሰሙ ቁጣው አይቆይም።

ኔናን ዓይኖቿን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን የፀጉር ጓንት ትናንት አድርጌው ነበር፣ ያለ እሱ እጄ አይኖርም ነበር። ለእናቷ ዕድሜና ጤና እመኝላቸዋለሁ በልልኝ። ለልጅህ ለማቲ፣ አክስትህ ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ መሆንህን ሰምታለች በለው። ትንሿን ሶፊን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ጆዲ አጎቴን ሰላም በይልኝ ትላለች። ድዌንም ቆሞ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ «ሎዌልን ሰላም በይው፤ ሰሞኑን ስለ እሱ አስባለሁ በይው» ብሎኛል። እሱ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

እግዚአብሔር ያሉበትን የማናውቃቸውን ይጠብቅልን፣ የእኛንም የእነሱንም።

የምትወድህ እህትህ
ቨርና

ኬልሶ ክሪክ፣ ነብራስካ
እሑድ፣ ማርች 30፣ 2003 (መጋቢት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.)