የሞተር አድማጫችን ዕረፍት እና ስለ አርባ አንደኛዋ ጠንጠኔ የምናርመው ቃል

የቀድሞው ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር፣ በፋብሪካው የሞተር ፍተሻ ክፍል የኖሩት፣ እኛ «አባ ጆሮ» የምንላቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቻቸውና ለሚመለከተው ሁሉ ያስታውቃል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር ልንናገረው የሚገባ ነገር ስላለ እሱንም እዚሁ እንናገራለን።

ፋብሪካው የተከፈተው አንድ የውጭ ድርጅት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሉን እኛ እንድንሠራ ፈቃድ ሲሰጥ ነው። ፈቃድ ማለት ንድፉ የነሱ፣ ላቡ የኛ ማለት ነው። አንዲት ብሎን እንኳ ያለ እነሱ ደብዳቤ መቀየር አይቻልም ነበር። ሞተር ሳይክሏ በወረቀት ላይ ስሟ ቁጥር ነው፤ ሕዝቡ ግን በድምጿ «ጠንጠኔ» አላት። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ሦስት ሰው ጭና አትለግምም። አዋላጇ፣ ፖስተኛው፣ ቆጣሪ አንባቢው በሷ ነው ኑሮውን የኖረው። ከሷ የሚበልጥ ሞተር አልሠራንም፤ የሠራም አላየንም።

በመጀመሪያው ዓመት ዕቃው ተፈታትቶ በሣጥን ይመጣ ነበር። አባ ጆሮ የተቀጠሩት ሣጥን ፈቺ ሆነው ነው።

በሦስተኛው ዓመት የውጭው መሐንዲስ በመሣሪያ ፈልጎ ያጣውን ብልሽት፣ እሳቸው የመጥረጊያ እጀታ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አገኙት። መሐንዲሱ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲያ አባ ጆሮ «ትሂድ» ሳይሉ ከበራችን የወጣች ጠንጠኔ የለችም፤ ከአርባ አንዱ በስተቀር።

በአምስተኛው ዓመት ሲሊንደሩን እዚሁ መሥራት ጀመርን። በንድፉ ልክ የተሠራው ረጅም ዳገት ላይ አስቸገረ። ፒስተኑ በሙቀት ያብጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል፤ የኋላ ጎማው ባለበት ይቆለፋል። ንድፉ የወጣው ለቀዝቃዛና ለሜዳ አገር ነበር። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ይስፋልን ብለን ጻፍን። መልሱ በሰባት ወሩ መጣ፤ «በንድፉ ሥሩ» ይላል። አባ ጆሮ ሲነበብላቸው ሰምተው «ይኼ ሰውዬ ዳገት አይቶ ያውቃል?» አሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሲሊንደር በብርጭቆ ወረቀት፣ በእጃቸው፣ የግማሽ ፀጉር ያህል ያሰፉት ጀመር። መዝገብ ላይ አልገባም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ያውቅ ነበር፤ በዚያ ሲያልፍ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሞተር ለሚረከብ ሁሉ በር ላይ ቆመው አንድ ትምህርት ይሰጡ ነበር። «የግራ እጅህ ሁለት ጣት ከፍሪሲዮኑ ማንሻ አይለይ። ድምጿ ሲቀጥን ጨብጠው፤ ጎማው ይለቀቅልሃል።» እኛም ለምዶብን ዛሬ ድረስ በእግራችን ስንሄድ ሁለት ጣታችን የታጠፈ ነው። ሚስቶቻችን ይስቁብናል።

በሰባተኛው ዓመት ከፈቃዱ ባለቤት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ሲሊንደሩን ሁሉ ለኩ። ፈቃዱ ተነጠቀ ማለት ፋብሪካው ተዘጋ ማለት ስለነበር አባ ጆሮ እቤታቸው እንዲቀመጡ፣ የብርጭቆ ወረቀቱም እንዲቆለፍበት ተደረገ። በዘጠኙ ቀን አርባ አንድ ሞተር በንድፉ ልክ ወጣ። ተቆጣጣሪዎቹ እጃችንን ጨብጠው ሄዱ። አባ ጆሮ ሲመለሱ አርባ አንዱም ተሸጠዋል። «ይመለሱ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «ምን ብዬ ልመልሳቸው? በንድፉ ልክ ተሠርተዋል ብዬ?» አላቸው።

የአርባ አንዱን ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ላይ ገልብጠው፣ በዕረፍት ቀናቸው ከከተማ ከተማ ዞሩ። መንገድ ዳር እየፈቱ አሰፉ። አንድ ባለ ሱቅ «ሳይበላሽ የሚጠግን ሌባ ነው» ብሎ ቢያባርራቸው በሳምንቱ ተመልሰው ለምነው ጠገኑለት። በአራት ወር አርባ ጨረሱ። አርባ አንደኛዋ የአንድ ፖስተኛ ነበረች። ፖስታ ቤቱ የደረሱት ፖስተኛው በሞተ ማግስት ነው።

ሰውየው ሙሉ ኮሮጆ ጭኖ ዳገቱን ጨርሶ፣ ወደ ቁልቁለቱ ሲታጠፍ ነው ሞተሩ የነከሰው። አባ ጆሮ የተጨማደደችውን ሞተር ግቢው ውስጥ አገኟት። የፍሪሲዮኑ ማንሻ እስከ መጨረሻው እንደተጨበጠ ተጣሞ ቀርቶ ነበር። የተማረውን አድርጓል፤ አልጠቀመውም። የቤንዚን ሰርባቶዮዋን ክዳን ከፍተው አሸተቱ፣ ጣታቸውን ነክረው አሹት። ዘይቱ በልኩ ነበር።

ያን ጊዜ ፋብሪካውና የሠራተኛ ኮሚቴው በጋራ የሐዘን መግለጫ አወጣን። «ጥልቅ ሐዘን» የሚልም ነበረበት። መካከሉ ላይ «አሽከርካሪው ቤንዚኑን ዘይት ሳይቀላቅል በመሙላቱ» ይላል። እውነቱ ቢነገር ሌሎቹ ሁሉ ከንድፍ ውጭ መሠራታቸው ይወጣል፣ ፈቃዱም ይሄዳል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በዚያ ፈቃድ ያድር ነበር። አባ ጆሮ እንቢ ሲሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ «አንተ ጆሮ ነው ያለህ፣ አፍ አይደለም። ልጆችህን ይዘህ የት ልትገባ ነው?» አላቸው። ፈረሙ። ሁላችንም ፈረምን፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት የፈቃዱ ዘመን አለቀ። የውጭው ድርጅት ጠንጠኔን መሥራት ትቶ ነበር፤ እኛ ቀጠልን። የአባ ጆሮ ክፍተት ያኔ በይፋ ንድፍ ላይ ገባ። ማንም አላመሰገናቸውም።

በአሥራ ስምንተኛው ዓመት የፖስተኛው ልጅ በራችን ላይ መጣች። «አባቴ የሻይ ውኃ እንኳ ሳይለካ አይጥድም ነበር። እውነት ዘይት ረስቶ ነው?» አለች። አባ ጆሮ የኮሚቴውን ሰብሳቢ አዩት። ሰብሳቢው «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» አላት። ሄደች።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት ፋብሪካው ተዘጋ። አባ ጆሮ ግን ጠዋት ጠዋት መሄዳቸውን አልተዉም። ባዶው አዳራሽ ገብተው፣ የመጥረጊያውን እጀታ የፍተሻ ማሽኑ ቆሞበት በነበረው ሲሚንቶ ላይ ተክለው፣ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ምን ይሰማሉ ሲባሉ «ዳገቱን እየጨረሰች ነው» ይሉ ነበር።

ማኅበራችን በመንፈስ አያምንም። ሆኖም በዚያ አዳራሽ አጠገብ አልፎ ጠንጠኔን አልሰማሁም የሚል አባል ካለ ውሸቱን ነው። ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይመጣል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ቀጥ ሲል ሁላችንም ግራ እጃችንን እንጨብጣለን።

ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ አስከሬናቸው ሲታጠብ የግራ እጃቸው ሁለት ጣት አልዘረጋ ብሏል። እንደታጠፈ ተቀበሩ። ታመው ሳሉ የማኅበሩን ሊቀመንበር አስጠርተው ያሉት ይህን ነው፦ «ስሞት መግለጫ ማውጣታችሁ አይቀርም። የኔን አሳጥሩ፤ የሱን አርሙ።» የሳቸውን ማሳጠር አልቻልንም።

የሱን ግን እናርማለን። ፖስተኛው ዘይት አልረሳም። በልኩ ቀላቅሏል፤ ማንሻውን በሰዓቱ ጨብጧል። ጥፋቱ የሲሊንደሩ ነው፤ ሲሊንደሩን የሠራነው፣ እያወቅንም የሸጥነው እኛ ነን። ይህ ጽሑፍ ከፖስተኛው የሥራ ማኅደር ጋር እንዲያያዝ ለፖስታ ቤቱ ይላካል፣ በፋብሪካው በር ላይም ይለጠፋል። ዛሬ ልብስ ሰፊ ለሆነችው ልጁ ደግሞ ሊቀመንበሩ ራሱ ይዞላት ይሄዳል። የምትለውን ብትለው ቆሞ ይሰማል።

ለአባ ጆሮ ባለቤት፣ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለፖስተኛው ልጅም እንዲሁ፤ የሷ መጽናኛ ሠላሳ ስድስት ዓመት እኛ ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የዚያን ጊዜው የኮሚቴ ሰብሳቢ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉን ተናግሬ አስጽፌ፣ ሁለት ጊዜ አስነብቤ በጣቴ አትሜበታለሁ። ያኔም ያተምኩት በዚሁ አውራ ጣት ነው።