ደብቄ ያረምሁት ቁጥር

ውድ ወንድም ዓለሜ ዐብዱልከሪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህች ወረቀት ከሥራ ገብተህ እግርህን ዘርግተህ ባረፍህበት ሰዓት ትድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የእማ ጉልበት ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ክፉ የለም። እኔ ግን ወላሂ ፈርቻለሁ። ለእማ እንዳልነግራት ትጨነቅብኛለች፤ ለአንተ ልንገርህ።

መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር መስመር ስልጠና እንዳስገባኝ ጽፌልህ ነበር። አብረውኝ የተጣመሩት አያ አድማሴ ናቸው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ስልክ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው። ሌሎቻችን ሁሉ ልጆች ነን። ፈተናውን የወደቀ ከሥራ ይሰናበታል ተብለናል።

ላብራቶሪው ውስጥ ራውተር የሚባሉ፣ መልእክት የሚያስተላልፉ ሳጥኖች አሉ። አንዱን ጎንደር፣ ሌላውን አዲ አርቃይ አልናቸው። ትናንት ፍሬም ሪሌይ በሚሉት መስመር ልናገናኛቸው ተቀመጥን። መብራቱ አረንጓዴ፣ ገመዱ ደኅና፤ ከጎንደር ስንጠራው ግን አዲ አርቃይ አቤት አይልም። አያ አድማሴ ገመዱን ነቅለው ሰኩ፣ አጥፍተው አበሩ፣ ላብ አጠመቃቸው። ጥፋቱን እኔ አይቼዋለሁ። ጎንደር ላይ መጻፍ ያለበት መልእክቱ የሚወጣበት የራሱ የጎንደር በር ቁጥር ነው፣ 102። እርሳቸው የአዲ አርቃይን 201 ጽፈዋል። ምን ይፈረድባቸዋል? ስልክ ሲደወል የሚዞረው የተጠሪው ቁጥር ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ይህንኑ ነው።

የአባቴን እኩያ በልጆች ፊት ተሳስተዋል ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ውሃ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ቶሎ 201ን አጥፍቼ 102 ጻፍሁ። ተመልሰው ሲሞክሩ መልሱ መጣ። ደስታቸውን ባየህ! ማርያምን፣ እጄ ገና አልከዳኝም አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ታግሶ መጠበቅ ነው ብለውም ልጆቹን መከሩ። እኔም ሸጋ የሠራሁ መስሎኝ ዝም።

ጥንድ ጥንድ ሆነን የምንፈተን መስሎን ነበር። ልንወጣ ስንል ግን መምህራችን ዓለምነው፣ ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ጧት እያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ትሠራላችሁ አለን። ክው አልሁ። አያ አድማሴ 201 ይጽፉና መልሱ እስኪመጣ ታግሠው ይጠብቃሉ። አይመጣም። አከበርኋቸው ብዬ ጉድጓድ ቆፈርሁላቸው፣ ወንድሜ።

ዛሬ ቀሐ ሰፈር እቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው እመት የትነበርሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። ምነው ልጄ፣ ግቢ እንጂ አሉኝ። ስልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ትናንት ገና እህል በወጉ ቀመሱልኝ፣ አሁንም ተኝተዋል ብለው መረቁኝ። ለሰላምታ ነው ብዬ ተመለስሁ። ፈተናው ነገ ጧት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ግን የሰው በሽታ ነው።

ኩልሱምን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ዐዚዛን ሳምልኝ። እማ እህል አታስታጉል ብላሃለች፤ ታናሻችን ኡዘይርም ይናፍቅሃል። ዱዓ አድርግልኝ። ይህን አጥፌ እንደገና ወደ ቀሐ እወርዳለሁ። ተነሥተው ቢሆን ምን ብዬ እንደምጀምርላቸው ግን እስካሁን አላውቅም።

እህትህ ሪሃና
ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2000 ዓ.ም.