ውሃ የሚፈቅድ ጾም

ለልጄ ለዓለምነው፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበትን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እዚህ እንጅባራ ዝናቡ ፋታ አልሰጠንም። ፈረስህን እህትህ ትቀልበዋለች። ሰው የማያስጠጋው ፈረስ አሁን ለእሷ አንገቱን ይሰጣል። ከአንተ ወዲህ አልጋህ ላይ ማንም ተኝቶበት አያውቅም ነበር፤ ትናንት ግን አጎትህ ሞላ አደረበት። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ከአዲስ ቅዳም የመጣልኝ በስንት ልመና ነው። እንደ አንተው አንዱ አፍንጫው ተደፍኖ ይደማል። የከሰል ጭስ ያመጣው ነው ይላል። አንተም ሳይነስ ነው እያልክ ባሕር ዛፍ ስትታጠን ከርመህ ነበር። ታከም ብዬ ስደውልለት፣ «ዓለምነውን የገደለው ያ የምርመራ መሣሪያ ነው» አለኝ። ሰዉም የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ በእግሩ ሄዶ ገባበት፣ በሽታው ተቀስቅሶበት ወጣ ይላሉ።

እኔ ግን አብሬህ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሐኪሟ ያስረዳችን አልጠፋኝም። ሲቲ ስካኑ አጥንትህን ቢያሳይም፣ ከአፍንጫህ በስተጀርባ ያለው ሁሉ ካንሰር ይሁን የታቆረ ንፍጥ አልለይላት ብሎ ነበር። ፔት በሚሉት ምርመራ ግን ጥቂት ጨረር ያለው ስኳር በደም ሥር ይሰጣል። ካንሰር ስኳር ስለሚሻማ ያለበት ቦታ በርቶ ይታያል። ቁስለትም አንዳንዴ ስለሚበራ ከቦታው ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በሚወሰድ ናሙና ይረጋገጣል ብላናለች።

ለምርመራው ጹም፣ ውሃ ግን ጠጣ ብለውህ ነበር። አንተ ጾም ከተባለ ውሃስ ምን ያደርጋል ብለህ ከንፈርህ ደርቆ ቀረብክ። ነርሷ ተቆጥታ ጠርሙስ አስያዘችህ። እኔም አብሬህ ጾሜ ስለነበር ከአንተው ጠርሙስ ተጎነጨሁ። «እማ፣ ጾም እንዲህ ውሃ የሚፈቅድ ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ እጾም ነበር» ብለህ ሳቅክ።

ምስሉ ሲወጣ አንገትህም አከርካሪህም ላይ በርቶ ነበር፤ በሽታው ተሰራጭቷል። መሣሪያው ቀድሞ የነበረውን አሳየን እንጂ አላመጣውም። ይህን ብናውቅ ነው ፊትህን በከንቱ በቀዶ ሕክምና ከመቀደድ የዳንከው። ማስታገሻህን ይዘህ ቤትህ ገባህ፤ እስከ መጨረሻው ፈረስህን በመስኮት እያየህ ሰነበትክ።

ትናንት እራት ላይ ይህን ሁሉ ለሞላ ነገርኩት። መብላቱን ተወ። ኋላ፣ «አንቺ እናቱ እንዲህ ካልሽ እኔ ማን ነኝ» አለና፣ «ግን እኔ ጾም እንደማልችል ታውቂያለሽ» ብሎ ፈገግ አለ። አብሬህ እጾማለሁ አልኩት።

ነገ ጠዋት በሚኒባስ ባሕር ዳር እንሄዳለን። መጀመሪያ ናሙና ይወስዱለታል። ፔት ያስፈልገዋል ካሉም አዲስ አበባ ድረስ ከአጠገቡ አልለይም። ያችን ጠርሙስህን በቦርሳዬ ከትቻታለሁ።

ልጄ፣ አንተን በዕንባ ብቻ አላስብህም። ስምህን እየጠሩ ከሐኪም ቤት የሚቀሩ አሉ። እኔ ደግሞ ስምህን እየጠራሁ እወስዳቸዋለሁ።

እናትህ