ተጠሪነቴ ለማን ነው?

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህት ዓለሜ መስኡዳ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ከስግደት ስትነሺ ያሰቃይሻል? ባለቤትሽ ሙአዊያስ ደህና ነው? ሱንዱስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የጅዳው ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ቢሆን ከለቅሶም ከሠርግም አትቀርም። አባዬም ደህና ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ላንቺ አልዋሽም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልልክልሽ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ አጥፊው።

ነገሩ ይኸውልሽ። የምሠራበት ፋብሪካ ለሚያሽገው ውሃ የኛን ሰፈር ምንጭ ይፈልገዋል፤ ያንን አንቺና እኔ ጀሪካን ይዘን የተመላለስንበትን። ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ አቶ ዝናው የስምምነት ወረቀት አዘጋጅቶ በቀጥታ ለአባዬ ላከለት። እኔ የሕግ አገልግሎት ኃላፊዋ አላየሁትም። ለምን ለአባዬ መሰለሽ? የቅሬያችን ሰብሳቢ ስለሆነ ነዋ! ለቀብር ሰው የሚጠራው እሱ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እሱ ያመጣውን ወረቀት አይመረምርም። አባዬም የሰጡትን አምኖ፣ ቧንቧ ሊያስገቡልን ነው ብሎ በቅሬው ስብሰባ ላይ አዞረው። ጎረቤታችን ጋሽ ሽታው ብቻ፣ መጀመሪያ ይነበብልን ብሎ ጠየቀ አሉ። አባዬ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ልጄ የዚያ ቤት የሕግ ሰው ናት፣ እሷ ያላየችው ወረቀት ከዚያ አይወጣም አለው። ስልሳ ሦስት አባወራ አሻራውን አሳረፈ። ወላሂ ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ወረቀቱ ስለ ቧንቧ አንድ ቃል የለውም። ምንጩንና ዙሪያውን ያለውን ግጦሽ በፈቃዳችን ለቀናል፣ ወደፊትም አንጠይቅም ነው የሚለው። እኔ እጅ የገባው አሻራው ካለቀ በኋላ ነው። የዚያኑ ቀን፣ ሰዎቹ ያልተነበበላቸውን ነው የፈረሙት፣ ይህ ውል አያዋጣንም፣ ድርጅቱንም ፍርድ ቤት ያቆመዋል ብዬ አስተያየቴን ጽፌ ለአቶ ዝናው ሰጠሁት። ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ በቃ።

አየሽ፣ በሥራ መደቤ ተጠሪነቴ ለሥራ አስኪያጁ ነው። የምጽፈው ሁሉ ለሱ ነው፤ ቦርዱ ዘንድ የሚደርሰው እሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው እሱ፣ የሚያሰናብተኝም እሱ። ስቀጠር፣ የሕግ ኃላፊ ለቦርዱም በቀጥታ መናገር አለባት ብዬ ጠይቄ ነበር። ሳቀና ልትሰልዪኝ ነው እንዴ የመጣሽው አለኝ። እኔም አብሬው ስቄ ፈረምኩ። ሞኝነቴ! ድርጅቱን ከጥፋት ጠብቂ ተብዬ ተቀጥሬ፣ አጥፊው ራሱ አለቃዬ ሲሆን ለማን አቤት እላለሁ? እስቲ ንገሪኝ።

ሐሙስ ቦርዱ ይሰበሰባል። ትናንት አቶ ዝናው ጠርቶ ሌላ አስተያየት ጻፊ አለኝ፤ ወረቀቱ ሕጋዊ ነው የሚል። እምቢ ስለው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ረጋ ብሎ፣ አሻራውን የሰበሰበው አባትሽ ነው፣ ማታለል አለ ካልሽ አታላዩ ማን ሊባል ነው አለኝ። ኧረ ያረቢ! መፀዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባዬ ምንም አያውቅም። ከመስጂድ ሲመለስ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቀኛል፤ እየተሠራበት ነው እያልኩ እዋሸዋለሁ። መስኡዳ፣ እሱ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ስሙ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ቅሬው አውርዶት፣ ውሃችንን ያስወሰደ ቢባል በምን አንጀቱ ይችለዋል? ዝም ካልኩ ደግሞ ስልሳ ሦስት ቤት በኔ ስም ውሃ ሊያጣ ነው። በኔ ስም!

ወስኛለሁ ግን። ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያውን አስተያየቴን ይዤ ከመሰብሰቢያው በር ላይ እቆማለሁ። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ፋና ሲገቡ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም ከሥራ መሰናበቴ የሚቀር አይመስለኝም። የአባዬንም ስም አልደበቅኩም፤ እሱም እንደ ሰዉ ሁሉ መታለሉን ግን ጽፌያለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ በሱንዱስ ይዤሻለሁ። ረቡዕ ለአባዬ ደውዪለት። አንቺን ይሰማሻል። ከሰው አፍ ከሚሰማው ከልጁ ይስማው። እኔ ፊቱን እያየሁ ልነግረው አልቻልኩም። ቢቆጣ ታገሺው፣ ስልኩን ቢዘጋብሽም መልሰሽ ደውዪ። ሸክሜን ላንቺ ስለጣልኩብሽ አፉ በዪኝ።

ለሙአዊያ ሰላም በዪልኝ፤ በዱዓ አይርሳኝ። ሱንዱስን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ናፍቃሻለች በያት። እማዬ ዑምኩልሱም ሰላም ብላሻለች፤ ወገብሽን በቅቤ አሺው ብላለች። አባዬ ኑርዬም ሰላም ብሎሻል። አሁን ይህን ስጽፍ በር ላይ ቆሞ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለመስኡዳ ስለው ፊቱ በራ፤ ሁላችንም ሰላም ነን፣ ምንም አታስቢ በያት አለኝ።

እህትሽ ሰሚሃ ኑርዬ
ሐይቅ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.